አሥራ ሁለት ወንበር ከማንጎው ሥር

ድንኳንና ወንበር ማከራየት ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። አሶሳ ውስጥ የተዳረ ሰው በኔ ወንበር ካልተቀመጠ ወይ ሌላ አገር ሄዶ ነው የተዳረው፣ ወይ ከኔ ጋር ተጣልቷል። ሦስት መቶ፣ አምስት መቶ ወንበር ጭኜ አውቃለሁ። አንዴማ ለአንድ ነጋዴ ልጅ ሠርግ ስምንት መቶ ተጠይቄ የጎደለውን ከባምባሲ አስመጥቻለሁ። ታዲያ ተከራዬ የወርቅውሃ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ደጄ ላይ ቆማ አሥራ ሁለት ወንበር ለግንቦት ያዢልኝ ስትለኝ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁባት። አሥራ ሁለት ወንበር እኮ ለዕቁብም አይበቃም።

ለምንሽ ነው ስላት፣ ለሠርጌ አለችኝ።

ወይ ጉድ! እኔ ሸዋሉል የሰው ሁሉ ሠርግ ደግሼ፣ ገዛ ግቢዬ ውስጥ የምትኖር ሴት አሥራ ሁለት ወንበር ትጠይቀኛለች። ተቆጣሁ። እነማን ናቸው አሥራ ሁለቱ ብዬ አስቆጠርኳት። በጣቷ እያጠፈች አሥራ አንድ ሰው ቆጠረችልኝ። አሥራ ሁለተኛውስ ስላት፣ እሱ ይቀመጥ፣ አይታወቅም አለችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

ማን እንደሆነች ልንገራችሁ። ጓሮ ካለችው ክፍሌ ከገባች አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ተከራዬ ናት ከምል እህቴ ናት ብል ይቀለኛል። ሥራዋ ችግኝ ጣቢያ ነው፤ ማንጎ ታዳቅላለች። ያገሩን ማንጎ ግንድ በስለት ሰንጥቃ የጥሩውን ዘር ቅርንጫፍ ትሰካበትና በላስቲክ ጠቅልላ ታስረዋለች። እሷ ያሰረችው ሲደርቅ ያየ የለም። ጣቶቿ በማንጎ ሙጫ ጠቁረው ቀርተዋል፣ በሎሚም አይለቅም። ዝምተኛ ናት። ሰው ሲበድላት እንኳ ድምጿ አይሰማም፤ የሁለታችንንም የምቆጣው እኔ ነኝ።

ነብዩ የሚባለው ሙሽራ ደግሞ የእንስሳት ሐኪም ነው፣ የፓዌ ልጅ። ሚስቱ ከሞተችበት ስድስት ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ አንድ የተዳቀለ ማንጎ ችግኝ ሊገዛ ወደ ጣቢያው መጣ። በሳምንቱ ሌላ ሊገዛ መጣ። በሦስተኛው ሳምንት ሲመጣ አብሯት የሚሠራው ቦዔዝ፣ ጋሼ ግቢዎ ስንት ሄክታር ነው ብሎ ጠየቀው አሉ። የነብዩን ግቢ እኔ አይቼዋለሁ፤ አንዲት ላም ብትዞርበት ጭራዋ አጥሩን ይነካል። እንግዲህ ችግኙን የት እንደተከለው እሱ ይወቅ።

እሷ አርባ ስድስት፣ እሱ ሃምሳ አንድ። ሁለቱም አንድ አንድ ትዳር ቀብረዋል። ድግስ አንፈልግም አሉ። ዓርብ ወሳኝ ኩነት ሄደን እንፈርማለን፣ እሑድ አንድ ደህና ጥላ ሥር ከጥቂት ሰው ጋር ማዕድ እንቆርሳለን፣ በቃ። እያቃረኝም ቢሆን እሺ አልኩ። ጾም ሳይገባ ይሁን ተባለና ቀኑ ተቆረጠ። የቀረው ቦታው ብቻ ነበር።

ቦታው ነው የፈጀን። በየቅዳሜው ሦስታችን ባጃጅ እየያዝን ዞርን። መጀመሪያ የማውቀው ሰው ሆቴል ወሰድኳቸው፤ ሰውዬው አዳራሹን በነፃ ሊሰጠን ነው። ጣሪያው ያፍናል አለች። የሰንበቴ ቤቱን አሳየኋት፤ ሰው ይበዛበታል አለች። ቦዔዝ ችግኝ ጣቢያው ይሁን ቢል፣ የሥራ ቦታ ነው አለች። ነብዩ ምስኪኑ ከከተማው ራቅ ያለ ወንዝ ዳር አግኝቶ እየተደሰተ ወሰደን። ዋርካ አለው፣ ሣር አለው፣ ሰው የለውም። ዞር ዞር ብላ አየችና ወንዙ ይጮሃል አለች። ወንዝ ምን እንዲያደርግላት ፈልጋ ነበር? ፓዌ እንዳይኬድ መንገዱ ሩቅ ነው፣ የነብዩ እናትና አባትም አፈር ከገቡ ቆይተዋል። የመጀመሪያ ባሏ የሞተበትን መንጌን ማናችንም አላነሳንባትም፤ መንጌ ምን እንዳለባት እናውቃለን።

በአምስተኛው ቅዳሜ ትዕግሥቴ አለቀ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፤ ባጃጁን መንገድ ዳር አስቆምኩና ፊት ለፊት ያዝኳት። አንቺ ሴትዮ፣ ይሄን ሁሉ ቦታ ያስጠላሽ ሌላ ነገር ነው፣ ዛሬ ሳትናገሪ አንሄድም አልኳት። ነብዩ አትቆጪያት እንደማለት በዓይኑ ለመነኝ። እሷ ጥቁር ጣቶቿን አየች።

"እኔ የምፈልገው ጉልበት ነው፣ እትዬ" አለችኝ። "የምስመው ጉልበት።"

እውነቷን ነው። ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ዘፈኑም ቢቀር ይቀራል። ሙሽራ ዝቅ ብላ የወላጅ ጉልበት ስማ ካልተመረቀች ግን ምኑን ተዳረች? ነብዩ ወላጅ የለውም። ለሁለቱም በዚች ምድር ላይ የቀራቸው አንድ ሰው ነው፤ የእሷ አባት። እሳቸው ደግሞ ከአሶሳ በባጃጅ አርባ ደቂቃ በማይሞላ መንገድ፣ በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ አምባዎች በአንዱ ይኖራሉ። የወርቅውሃ ያንን መንገድ ከረገጠችው ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ ጋሽ አምላኩ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ሲመጡ ይቺን የስድስት ዓመት ልጅና ሚስታቸውን ጸሐይነሽን ይዘው ነው። ጸሐይነሽን በሦስተኛው ዓመት ወባ ወሰደቻት። ብዙ ሰው አግቡ አላቸው፤ በልጄ ላይ የእንጀራ እናት አላመጣም ብለው ብቻቸውን አሳደጓት። ፀጉሯን የሚሠሯት ራሳቸው ነበሩ፤ ሹሩባዋ ሁልጊዜ ወደ ግራ ያጋደለ እንደነበረ እየሳቀች ነግራኛለች። ሃያ አራት ዓመት ሲሞላት ከአምባው ልጅ ለአንዱ ሊድሯት ደገሱ። የቀርከሃ ዳስ ተተከለ፣ ጠላው ተጠነሰሰ፣ በሬው ታረደ። እሷ ግን ልቧ መንጌ ወርቅ ከሚያጥብ ቡሴ ከሚባል ልጅ ጋር ነበር፤ ለአባቷ መናገር አፍራ አፍራ፣ የሠርጉ ዕለት ገና ሳይነጋ ኮበለለች።

ዳሱ ቆሟል፣ እንግዳው ገብቷል፣ ሙሽራ የለችም። ጋሽ አምላኩ እንግዳ አልመለሱም። የልጃቸውን ሠርግ እንደ ተዝካር ዝም ብለው አበሉ። ሰው በልቶ ሲያበቃ መሐል ቆመው፣ ሁለተኛ ለእሷ በዚህ ደጅ ዳስ ቢተከል እጄ ይቆረጥ ብለው ማሉ። ዳሱንም በገዛ እጃቸው አፈረሱት።

ቡሴ ደህና ሰው ነበር፣ ይሄን እውነት አልነፍገውም። በአራተኛው ዓመት ወርቅ ሲቆፍሩ ጉድጓዱ ተናደበትና የወርቅውሃ አንድ ጥቅል ልብስ ይዛ እኔ ደጅ መጣች። ያኔ አንድ ጊዜ ሽማግሌ ልካ ነበር፤ ሳይሳካላቸው ተመለሱ። ሁለተኛ አልሞከረችም። እንደገና እምቢ ቢሉኝ ተስፋውም ይቀርብኛል ትል ነበር።

እኔ ደግሞ እንዲህ ያለውን አልችልበትም። በማግስቱ ሽማግሌ ሰበሰብኩ። አንዱ የጋሽ አምላኩ የነፍስ አባት የሆኑት ቄስ ናቸው። ሌላው አብዱልረሂም ናቸው፤ ከአምባው አጠገብ ካለው የበርታ መንደር፣ ለጋሽ አምላኩ የአርባ ዓመት ወዳጅ። ሦስተኛዋ እኔ። ሴት ሽማግሌ የት ታየ ሲሉኝ፣ ድንኳኔን ስትከራዩ ሴት ነሽ ያለኝ የለም ብዬ አይሱዙዬ ላይ ወጣሁ።

ጋሽ አምላኩ ደጃቸው ላይ፣ ከአንድ ትልቅ ማንጎ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ሰማንያን አልፈዋል፤ ከዘራቸው ጉልበታቸው ላይ ተጋድሟል። ያንን ጉልበት አየሁት፤ ሱሪው ሥር የቀረው አጥንት ብቻ ነው። ተቀመጡ አሉን። እንደ ወጉ፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለን ቆምን። እግሬ የደም ሥሩ ያበጠ ነው፤ እንደዚያ ቀን አስጨንቆኝ አያውቅም።

ቄሱ ተናገሩ። ጋሽ አምላኩ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። ልጄን ይቅር ካልኳት ቆይቻለሁ አሉ። መሐላው ግን በሰው ሁሉ ፊት የወጣ ቃል ነው። ቄሱ መሐላውን እኔ እፈታልዎታለሁ ሲሏቸው ቀና አሉ።

"አባቴ፣ በልጄ ተዋርጃለሁ" አሉ። "አሁን ደግሞ በቃሌ ልዋረድ?"

እኔ ምን ልበል ብዬ ወደ ላይ ሳንጋጥጥ ያን ጊዜ ነው ማንጎውን ልብ ብዬ ያየሁት። መንገዱን ስንመጣ ያየነው ማንጎ ሁሉ ነጩ ተባይ ለብሶት ደርቋል፤ ብዙው ሰው ቆርጦ አንድዶታል። የሳቸው ግን ቅጠሉ ያብረቀርቃል፣ ፍሬው ቅርንጫፉን አጉብጦታል። መሐሉ አየር እንዲያገኝ ተገርዟል። አገራረዙን አወቅሁት። በየዓመቱ ፍሬ ካለቀ በኋላ የወርቅውሃ ቦዔዝን እኔ ግቢ አስቀምጣ የምትመረምርበት ቀን አለ። የትኛውን ቅርንጫፍ ቆረጥክ፣ መድኃኒቱን ቅጠሉ ሥር ድረስ ረጨህ፣ በሩ ክፍት ነበር፣ ሰውዬው ያስላቸዋል? እኔ የመሥሪያ ቤት ነገር ይመስለኝ ነበር። ሞኝ ነኝ።

አብዱልረሂም ይሄኔ ከዘራቸውን ተክለው አንድ እርምጃ ቀረቡ። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ ለአጭር ነገር ግን ይበቃቸዋል።

"አምላኩ ወንድሜ፣ ይህ ማንጎ እኔ ነው የሰጠው" አሉ። "እናንተ ከመኪና ሲወርድ፣ ልጅ ያለቅሳል፣ እኔ ችግኝ ሰጠ። ለአንተ አልሰጠም፣ ለልጅ ሰጠ። ልጅ ቆፈረ፣ ልጅ ውሃ አጠጣ። ወላሂ፣ ይህ ዛፍ ያንተ አይደለም።"

ጋሽ አምላኩ ወደ ዛፉ አንጋጠጡ። እጃቸው ግንዱ ላይ ነበር፤ ከብት እንደሚያሻሽ ሰው ሲያሻሹት ነው ያየኋቸው።

"ዳስ አይተከልም" አሉ በመጨረሻ። "ዛፉ ግን እውነትም የእሷ ነው። ሰው ከገዛ ዛፉ ሥር ቢቀመጥ እኔ ምን ብዬ እከለክላለሁ? ተቀመጡ እንጂ፣ ምን ትገተራላችሁ!"

ተቀመጥን። ስንወጣ እኔን ለብቻዬ ወደ ኋላ አስቀሩኝና፣ ያ ቦዔዝ የሚባለው ሰው መንግሥት ልኮኝ ነው ይለኛል አሉኝ። መንግሥት የሰፈሩን ማንጎ ሁሉ ትቶ የኔን ብቻ የሚያክምበትን ምክንያት ካወቅሁ ስንት ዓመቴ ነው፤ በሬን ክፍት የማደርገው ለእሱ ብዬ አይደለም አሉኝ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አባትና ልጅ በአንድ ዛፍ ሲላላኩ ኖረዋል። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ፤ ቄሱ ፀሐዩ ነው መሰለኝ ዓይንሽን የነካው እያሉ አለፉኝ።

የወርቅውሃ ስነግራት አላለቀሰችም። አሥራ ሁለተኛው ወንበር የማን እንደሆነ ነገረችኝ እንጂ። እኔማ ገብቶኛል፤ ግን እስክትጨርስ ሰማኋት።

እሑድ ደረሰ። ሦስት ባጃጅና የኔ አይሱዙ። አሥራ ሁለት ወንበር ለመጫን አይሱዙ ያወጣሁ የመጀመሪያዋ ሴት ሳልሆን አልቀርም። አሥራ አንዱ ተራ የፕላስቲክ ነው፤ አሥራ ሁለተኛው ለወላጅ የማወጣው ቀይ ከፈይ የለበሰው ነው። አሁን ጥፋቴን ልናገር፤ ከወንበሮቹ ሥር ትንሿን ድንኳን ደብቄ ጭኛለሁ። የግንቦት ሰማይ አይታመንም፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንግዳ በዝናብ ያላስመታሁ ሴት ዛሬ አላስመታም ብዬ ነው። ዝናብ ካልመጣ ማን ያያታል?

ሙሽሮቹ ገቡ። ጋሽ አምላኩ ነጭ ጋቢ ለብሰው ቀዩ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እሷ ከበሩ ስትገባ ዓይናቸው አልተነሳም፤ የእሷም አልተነሳም። ሃያ ሁለት ዓመት ያልተያየ ሰው ቶሎ መተያየት አይችልም። ነብዩ ክንዷን ይዞ ቀስ እያለ አመጣት። አብዱልረሂምና ባለቤታቸው የባምያ ወጥና ገንፎ ይዘው መጥተዋል፣ የእኛ ዶሮ ወጥ ደግሞ በሌላ በኩል ተደርድሯል። የበሰለ ማንጎ አንድ ሁለት ጊዜ ከላይ እየወደቀ እንግዳውን አስደነገጠ። ቄሱ ጸሎቱን ጀመሩ። ልክ ጉልበት መሳሚያው ሲደርስ ሰማዩ ጮኸ።

ዝናቡ ባንዴ መጣ። እኔ አላሰብኩም፤ እጅ ልማዱን ነው የሚያውቀው። ወደ አይሱዙዬ ሮጥኩ፣ ድንኳኗን ጎትቼ አወረድኩ፣ የመጀመሪያውን ብረት ግቢው መሐል አቆምኩ። ቀና ስል ጋሽ አምላኩ ብረቱን እያዩት ነው። ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡና ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ቤት ማዝገም ጀመሩ። የሃያ ሁለት ዓመቱን ነገር በአንድ ብረት አበላሸሁት አልኩ።

የወርቅውሃ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ በዝናቡ ወደኔ ሮጠች። ብረቱን ከእጄ ወስዳ መሬት ላይ አስተኛችው። ከዚያ ያቺ ድምጿ የማይሰማ ሴት ግቢው ሁሉ እስኪሰማ ተናገረች።

"ድንኳን አይተከልም፣ እትዬ። አባቴ ብሏል። ያኔ ዳሱ ነበር፣ እኔ አልነበርኩም። ዛሬ እኔ አለሁ፣ እንበስብስ።"

ጋሽ አምላኩ በራቸው ላይ ቆሙ። ቆይተው ዞሩ። በሄዱበት ዝግታ ተመልሰው ቀዩ ወንበር ላይ፣ ከማንጎው ሥር ተቀመጡ። ቅጠሉ ብዙውን ይዞታል፤ የሚንጠባጠበው ግን ሁላችንንም አግኝቶናል፣ ከፈዩም ጠቁሯል። አንድ ሰው ከወንበሩ አልተነሳም። አብዱልረሂም ለራሳቸው የያዟትን ጥላ አጠፏት።

እሷ መጥታ ተንበረከከች። ጉልበታቸውን ሳመች፤ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን። እንደ ሙሽራ ወግ ቶሎ ቀና ልትል ስትል እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑት። ፀጉሯን በእጃቸው እየዳበሱ፣ ያን ወደ ግራ ያጋድል የነበረውን ሹሩባ የሚፈልጉ መሰለኝ።

"አትቸኩዪ" አሏት። "የሃያ ሁለት ዓመት ነው።"

እንደገና ቀኙን ሳመች፤ እንደገና ግራውን። ያኔ ነው ያለቀሰችው፤ ጉልበታቸውን አቅፋ። እሳቸው ምርቃቱን ጀምረው ጀምረው ቃሉ እየጠፋቸው እናቷን ጸሐይነሽን ይጠሩ ነበር፤ አንቺ ታውቂያለሽ፣ አንቺ ታውቂያለሽ እያሉ። ነብዩ አጠገባቸው በአዲሱ ሱሪው ጭቃው ላይ ተንበርክኮ፣ ዝናቡ እስኪያባራ ድረስ ተራውን ጠበቀ።